አርባ አንድ እና አርባ ሁለት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ሁለት የደረት ቀዶ ጥገና። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ። እግሬ አብጦ ጫማው አልወልቅ አለኝ።

ባለፈው ዓርብ በማደንዘዣ ያስተኛኋትን ሴትዮ ልጠይቃት ክፍሏ ገባሁ። መርፌ ትፈራለች። ዓይኗ እስኪከደን እጇን ይዤ ስለ ልጅ ልጆቿ ስታጫውተኝ ነበር፣ የአራቱንም ስም ነግራኛለች። ዛሬ ቀና ብላ አየችኝና "ምግቡን እዚያ አስቀምጪልኝ" አለች። ምን ምግብ? ባዶ እጄን ነኝ። ስቄ ወጣሁ... ኮሪደሩ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው። ቀዶ ሐኪሙን ይመርቁታል፣ ቁስላቸውን ያጠበችውን ነርስ በስሟ ይጠሯታል። ማደንዘዣ የሰጠቻቸውን ሰው ግን መድኃኒቱ ራሱ ከጭንቅላታቸው ያወጣታል። ለወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው "እንግዲያ ጎበዝ ሌባ ነሽ፣ ዱካ የለሽም" አለኝ። ማታ ማታ የሚደውልልኝ እሱ ብቻ ነው።

ጥናታችን አርባ ሰው ሞላ። ሃያ ይቀራል። ደረት ሲከፈት አንዱ ሳንባ ይዘጋል፣ ሰው በአንድ ሳንባ ብቻ ይተነፍሳል። ያኔ አንጎል ኦክስጅን ያንሰዋል ወይ? ግንባር ላይ የሚለጠፉት ሁለት ተለጣፊዎች ቁጥሩን ይነግሩናል። ግማሾቹን በጋዝ እናስተኛለን፣ ግማሾቹን በደም ሥር በሚገባ መድኃኒት። ጭንቅላታቸው እንደነበረ ሆኖ የሚነቁት የትኞቹ ናቸው? ጥያቄው ይኸው ነው። ማን በየትኛው እንደሚተኛ ሰው አይመርጥም፣ የታሸገ ፖስታ ነው የሚመርጠው። ፖስታዎቹ ቁጥር አላቸው፣ አንድ ሰው በተመዘገበበት ተራ ቁጥር የራሱ ይከፈትለታል። መዝገቡም የመሳቢያው ቁልፍም እኔ ጋ ነው። አለቃችን "ካንቺ የበለጠ የማምነው የለም" ብሎ ነው የሰጠኝ። ይህን ስጽፍ ትንሽ ኮራሁ። ምን ችግር አለው፣ ማን ያየኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከሥራ መልስ ጋሼ ሱቅ ጎራ አልኩ። አንድ ሰውዬ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ "ልኬን አይወስዱም?" አለው። ጋሼ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "ካቻምና ወገብህ ዘጠና ስድስት ነበር። አሁን መቶ አንድ ነው። አምስቷን የት እንደበላሃት አንተ ታውቃለህ" አለ። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰውዬው ከመሄዱ በፊት ሜትር አውጥቼ ወገቡን ለካሁት። መቶ አንድ። የሰፈሩ ሰው ትከሻና ወገብ ሁሉ እዚያ መላጣ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ ሳለ። መሐረቡን ቶሎ አጠፈው፣ እኔ ግን አይቼዋለሁ። ቀይ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከክረምት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ስታስተኚ ነው የማውቅሽ፣ ስታክሚ መቼ አየሁሽ።"

እሱ ይስቃል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የጋሼ ምርመራ ውጤት መጣ። ዕጢ ነው፣ ቀኝ ሳንባ፣ ከላይ በኩል። ሎሚ እንኳ አታህልም። ቀዶ ሐኪሙ "አልተሰራጨችም፣ እናወጣታለን" አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ችግሩ ማወቄ ነው። ከደረት ቀዶ ጥገና በኋላ ሚስቱን "አንቺ የማን ነሽ?" ያላትን ሰው አይቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቤት መንገድ የረሳ አይቻለሁ። ብዙዎቹ በሳምንት፣ በወር ይመለሳሉ። የማይመለሱም አሉ። ጋሼ ስልሳ ስድስት ሞልቶታል።

እናትና አባታችን በተከታታይ ሲሞቱ ሰባት ዓመቴ ነበር። እሱ ሃያ። እየሰፋ አስተማረኝ፣ እኔን ሲል ሳያገባ ቀረ፣ እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ ሳላገባ ቀረሁ። ልጅ ሆኜ ምን እንደምመስል፣ ምን እንደምፈራ፣ ለምን "ቀጮ" እንደተባልኩ የሚያውቅ ከሱ ሌላ በሕይወት የለም። እሱ ከረሳኝ ያቺ ልጅ የት ትሄዳለች?

ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጋሼ ጥናቱ ውስጥ እገባለሁ አለ። ግዴታ እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ነገርኩት።

"የሰው ወንድም አስገብታ የራሷን ደበቀች ቢሉሽስ? በይ እስክሪብቶ አምጪ።"

ፈረመ። የማስተኛው እኔ አይደለሁም፣ ለዘመድ አይፈቀድም። ዝምተኛው ባልደረባዬ ነው። መዝገቡንና ቁልፉንም ዛሬውኑ ለእሱ ማስረከብ ነበረብኝ። ደንቡን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሰኞ አስረክባለሁ አልኩ... ለምን ሰኞ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አደረግሁት።

ጋሼ ሊመዘገብ ከምሳ በፊት ደረሰ። ከአርባኛው ወዲህ የተመዘገበ ስለሌለ የሚቀጥለው ተራ ቁጥር አርባ አንድ ነው። "ምሳህን ብላና ና" አልኩት። ሁሉም ሲወጣ መሳቢያውን ከፈትኩና አርባ አንድን ራጅ በምናይበት መብራት ላይ አስደገፍኩት። ወፍራም ፖስታ ነው፣ ጫን ሲሉት ግን ጽሑፉ ይወጣል። ጋዝ። አርባ ሁለትን አስደገፍኩ። በደም ሥር።

የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ማንም አያውቅም፣ ባይታወቅ ነው ጥናት የተጀመረው። ግን በደም ሥር የተኙት ዓይናቸው ጥርት ብሎ የሚነቁ ይመስለኛል። ሁልጊዜም ይመስለኝ ነበር። ለሌላ ሰው ሲሆን "መምሰል ማስረጃ አይደለም" እላለሁ።

በዚህ ሳምንት ደረቷ የሚከፈት አንዲት ሴትም አለች፣ የሒሳብ አስተማሪ። ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አርባ አንድ ላይ እሷን ጻፍኩ። አርባ ሁለት ላይ ጋሼን። አንዲት ወረቀት አልቀየርኩም፣ አንድ ማሸጊያ አልቀደድኩም። ተራ ብቻ ነው...

"የቅርብ ተጠሪ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የለኝም።"

"ጎረቤትም ቢሆን ይሆናል።"

"ጎረቤቴ ከድመቱ ውጭ ለማንም ተጠርቶ አያውቅም። ድመቱን ጻፊ።"

ሳቅን። እየሳቅሁ ነው ቅጹን የጨረስኩት። ከዚያ ቁልፉን ለዝምተኛው ሰጠሁት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የጥናቱ የማስታወስ ፈታኝ ሁለቱንም ከቀዶ ጥገናው በፊት ፈተነች። አሥር ቃል ትነግራቸዋለች፣ ቆይታ መልሱ ትላቸዋለች። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቆጥራሉ። አስተማሪዋ ዘጠኝ ቃል። ጋሼ አሥሩንም በቅደም ተከተል፣ በምርቃት የፈታኟን የትከሻ ልክ።

አሁንም መናገር ይቻል ነበር። አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አስተማሪዋን እኔ አስተኛሁ። በጋዝ።

ጭምብሉን ሳስጠጋ "ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ያደርጋሉ?" አልኳት። የሆነ ነገር ልጠይቃት ፈልጌ ነው፣ ሌላ አልመጣልኝም። "ልብስ አጥባለሁ፣ ከሬዲዮ ጋር እጨቃጨቃለሁ" አለች። ተኛች። የግንባሯ ቁጥር ስልሳ ስምንት። ሳንባዋ ሲዘጋ ሃምሳ አምስት ገባ። ኦክስጅን ጨመርኩ፣ የደም ግፊቷን ደገፍኩ፣ ስልሳ ተመለሰ፣ እዚያው ቆየ። ከቁጥሩ ዓይኔን አልነቀልኩም። ለማንም እንደዚህ ሆኜ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ የጋሼ ተራ ነው፣ አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር። እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የማያቸው ሰዎች የሚያደርጉትን ሁሉ አደረግሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ "እህቴ፣ የታመመብሽ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ዝምተኛው ወጣ። "አለቀ። ዕጢዋ ወጥታለች።" ቆየና "የግንባሩ ቁጥር ትንሽ ወርዶ ነበር" አለ።

ወረቀቱን አየሁት። ከስልሳ ስድስት ወደ አርባ ሰባት። አሥራ አንድ ደቂቃ። ያደረገውን ሁሉ መስመር በመስመር አነበብኩ። እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር። የሚወቀስ ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ... አጣሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

"እማዬ" አለኝ።

ብርድ ልብሱን ይጎትታል፣ አየር ላይ መርፌ ይዞ ክር ሊያስገባ ይሞክራል። "ክሩ አለቀብኝ፣ እማዬ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው።" እጁን ያዝኩት፣ አስለቀቀኝ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ይመለሳል። ለስንቱ ቤተሰብ ነው ይህን ያልኩት?

ከግድግዳው ማዶ አስተማሪዋ ለፈታኟ ስትቆጥር ይሰማኛል። "አሥራ ስድስት። ዘጠኝ። ሁለት። ከዜሮ በታች ልውረድልሽ?"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አወቀኝ። ቀጮ ብሎ ጠራኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

የሳምንቱ ፈተና። አስተማሪዋ አሥር። ጋሼ አራት።

አራተኛውን ከተናገረ በኋላ ፈታኟን ሳይሆን እኔን አየኝ። ሌላው ቃል እኔ ጋ ያለ ይመስል። ሰዓት ሣል ሲባል ሣለ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ በኩል አጨናነቃቸው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብሎ ቀለደ።

ሁለት ሰው ምንም አያስረዳም። በጋዝ ቢተኛ ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር ማለት አይቻልም፣ ይብስም ነበር ይሆናል። ይህን አውቀዋለሁ፣ ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ፖስታው መርጦለት ቢሆን እግዜር ያመጣው ነው ብዬ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። አሁን ማን ላይ ላልቅስ? ፖስታው ለካ ለቁጥሩ ብቻ አይደለም የተሠራው፣ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን እንዲሸከምም ነው። እኔ ከሱ ላይ አንስቼ ተሸከምኩት። የእጄን አገኘሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ለአለቃችን ነገርኩት። ቆሜ። ተቀመጪ ቢለኝም አልተቀመጥኩም።

"የትኛው ይሻላል ብለሽ ነው?"

"በደም ሥሩ።"

"ከምን ተነስተሽ?"

"ከልምድ።"

"እኮ። ልምዳችንን ላለማመን ነበር ይህን ሁሉ የጀመርነው።"

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱም ከቆጠራው ይወጣሉ፣ ለጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይጻፋል፣ ከጥናቱ ወጥቻለሁ። መዝገቡን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይመረምሩታል። ሠላሳ ዘጠኙ፣ አርባው... ያልነካሁትን አልነካሁም ብል አሁን ማን ያምነኛል? ምሳ ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ዝምተኛው ትሪውን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በልቶ ሄደ። አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ግን ተቀመጠ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አስተማሪዋ ለቁጥጥር ቀጠሮ መጥታ ነበር። ከኮሚቴው ደብዳቤ በፊት ከኔ አፍ ትስማው ብዬ አስጠራኋት።

ስጨርስ የቀጠሮ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ "እንግዲህ ደህና የነቃሁት ባንቺ ስህተት ነው?"

"አላውቅም።"

"ልክ ነሽ፣ አታውቂም። በሁለት ነጥብ ላይ የፈለግሽው ኩርባ ያልፋል።" ቦርሳዋን ዘጋች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተጠሪ የለኝም ባልልሽ፣ ከኋላዬ የሚጮህ ባል ወይ ልጅ ቢኖረኝ ያን ቀን ታደርጊው ነበር?"

ተራውን የቀየርኩት ያን ከመስማቴ በፊት ነው ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሰማሁ በኋላም መሰረዝ እችል ነበር፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት እንደገና።

በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። "አንቺን አስታውሳለሁ እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ያደርጋሉ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ደግ ሴት መስለሽኝ ነበር።"

ሃያ ሁለት ዓመት የሚያስታውሰኝ ሕመምተኛ ስመኝ ኖሬ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጋሼ ቤቴ ነው ያለው። ገላውን ታጥቦ፣ ሶፋው ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲሞቅ ነገርኩት። ሁሉን። ሲስቅ ደረቱን አመመው።

"ይኼ ነው? ለኔ ብለሽ አይደል? ተይኝ ወዲያ።"

ይቅር ብለኸኛል ወይ አልኩት። "ምን ይቅርታ አለው፣ ቀጮ፣ ሻይ አፍይ" አለ። ሻይ አፈላሁ። ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

"ከጥናቱ ወጥቻለሁ ያልሽኝ ለምንድን ነው?" አለኝ ዛሬ ከሥራ ስመለስ።

ነግሬሃለሁ እኮ አልኩት። "መቼ?" አለ። ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ቅዳሜ የለችም። ሳቁም ሻዩም ይቅርታውም የለም።

እንደገና ነገርኩት። ዛሬ አልሳቀም።

"ሴትዮዋ ማን አላት?"

"ማንም።"

"እና ለኔ አይሆንም ያልሽውን ለሷ ሰጠሻት? በኔ ስም?" ድምፁን እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም፣ ልጅ ሆኜ እንኳ። "አርባ አንድ የኔ ነበር! ያሳደግኋትን ልጅ ተራ መጠበቅ አላስተማርኳትም ማለት ነው?"

ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍሉ ሄደ። ልከተለው ስል "እዚያው ሁኚ" አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አልደወለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ከሥራ መልስ ሄድኩ። "ቀጮ! የት ጠፋሽ?" ብሎ አቀፈኝ። ቁጣው የለም። ፊቱ ላይ ፈለግሁት። ማረኝ ወይስ ረሳው? የረሳ ሰው ይቅር አለ ይባላል?

ልጠይቀው ፈራሁ። ከጠየቅሁት እንደገና መንገር አለብኝ። ሦስተኛ። ሊስቅም ይችላል፣ ሊያባርረኝም ይችላል፣ በነጋታው ደግሞ ሁለቱም የሉም። ይህን ነገር አብሮኝ የሚያውቅ ሰው በቤተሰብ የለኝም። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብቻዬን ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ፈታኟ በራሷ ጊዜ ሱቁ ድረስ መጥታ ፈተነችው። ስድስት ቃል። ሰዓቱን በደንብ ሣለ። "እየመጣ ነው፣ ግን ሁሉም ላይመጣ ይችላል" አለችኝ ውጭ።

አሁን ደንበኛ ሲመጣ በሜትር ይለካል። ሁለት ጊዜ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛው "ምነው፣ ዛሬ አላመንከኝም?" ቢለው "አንተን አይደለም ያላመንኩት" አለ። ደንበኛው ሲወጣ ጋሼ ራሱን ወንበሩ ላይ ጣለ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል። ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፣ ጥናት ግን እንዳልነካ። መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፣ ከነዚያ ሁለት መስመሮች በቀር። አለቃችን ኮሪደር ላይ ሰላም ይለኛል፣ አይቆምም።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ነበርኩ። ቁልፍ እተክልለታለሁ፣ እሱ ኮት ይሰፋል። ለራሴ ቆርጬ ነበር፣ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ እነግረዋለሁ። ሳቀም ተቆጣም ሳያውቀው ከሚያቅፈኝ ይሻላል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ..."

"ቆይ፣ መጀመሪያ የዚህን ኮት ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የእጅጌ ልክ ከደብተሩ አንብቢልኝ። መነጽሬ የት እንደገባ እንጃ።"

ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁ። ካለፈው ወር ወዲህ ነው የያዘው። በየገጹ የደንበኞች ልክ፣ ትላልቅ ፊደል፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ። ጥርስ ሐኪሙን ስፈልግ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ኅዳር 9 ይላል፣ ልብሱን በፌስታል ይዞ ከቤቴ የወጣባት ቀን። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው እስኪደርስ ተጭኖ ጽፏል፦

"ቀጮ የፖስታውን ነገር ነግራኛለች። በጣም ተናድጃለሁ፣ ልክ ነኝ። ግን ምሬያታለሁ። ነገ ልረሳው እችላለሁ። እንደገና ልትነግረኝ ከጀመረች አስቁማት፣ አታሠቃያት።"

የስፌት መኪናው ይሄዳል። ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ይህን መጻፉን ያስታውስ አያስታውስ አላውቅም፣ አልጠየቅሁትምም።

"ምን ልትነግሪኝ ነበር?" አለ ሳይዞር።

"ምንም" አልኩት። ከዚያው ገጽ ሥር አገኘሁለት። "እጅጌ ስልሳ ሁለት። የግራው በአንድ ይረዝማል።"